ጋሽ ክንዱና የሽሮ እከክ

ጤና ጣቢያ የሌለው ሰፈር ሞልቷል፤ ሐኪም የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አላየሁም። ነጭ ካፖርት የለበሰውን ማለቴ አይደለም። ሳላችሁን ከመንገድ ሰምቶ መድኃኒቱን ከበር ላይ የሚያዝዘውን፣ ያዘዘውን ባትወስዱ የሚቀየመውን፣ ወስዳችሁ ባይሻላችሁ ደግሞ «አወሳሰዱን አላወቃችሁበትም» የሚለውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለየሰፈሩ አንድ አንድ ተከፋፍሏል። ለእኛ ለዓባይ ማዶዎች የደረሱን ጋሽ ክንዱ ናቸው።

እኔ «ሊቀ ጠበብት» እላቸዋለሁ። ፊት ለፊት አይደለም፤ ፊት ለፊትማ እንደ ሰው ሁሉ «ጋሽ ክንዱ» ብዬ ከወገቤ ጎንበስ እላለሁ። እኛ ሰፈር ማማትና ማክበር አብረው ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ሌላውን ረብሾት አያውቅም።

ሊቀ ጠበብት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ጠግነዋል። ደቅ ደሴት ደርሰው ሲመለሱ፣ ዘጌ ደርሰው ሲመለሱ፣ መሀል ሐይቅ ላይ እምቢ ያለ ሞተር በአንድ ሽቦና በአንድ ስድብ አስነሥተዋል ይባላል። ይህን የሚሉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሞተሩ ቀረ፤ መጠገኑ ግን አልቀረም። የሚጠገን ጀልባ ሲያጡ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው «ይህማ ቀላል ነው» የሚለው ነው። ይህን ቃል ሲሰማ የሰፈራችን ሰው የተበላሸ ዕቃውን ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ሁለተኛው «ሐኪሙ ከመጽሐፍ ነው ያወቀው፤ እኔ ከነገሩ ነው ያወቅሁ» የሚለው ነው። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም፤ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም።

ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ መስዑድ ፍሪጁ ውኃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ይህማ ቀላል ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፍሪጁ አያንጠባጥብም፤ አያቀዘቅዝምም። ሲነሣ ግን እንደ ደቅ ጀልባ ያጓራል። መስዑድ ትዕግሥተኛ ነጋዴ ነው። ለስላሳውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ እየሸጠ፣ ጋሽ ክንዱ ሲያልፉ ብቻ ፍሪጁን ይሰካላቸዋል፤ ድምፁን ሰምተው ደስ እንዲላቸው።

ሸጊቱ የምትባል አዲስ ሙሽራ ጎረቤታችን ጉንፋን ቢይዛት በአንድ ቀን ፌጦውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን አከታትለው አስዋጧት። ጉንፋኑን ትታ ጨጓራዋን መታከም ጀመረች። የእኔ ማንጎ ቅጠሉ ሲጠወልግ ደግሞ «ብረት አንሶት ነው» ብለው ግንዱ ላይ ሚስማር እንድመታበት አዘዙኝ። መታሁ። ዘንድሮ ሁለት ፍሬ ሰጠኝ፤ አንዱን ወፍ በላው። ጋሽ ክንዱ ይህን ሲሰሙ «ሚስማሩን ባትመቺው እነዚህንም አታገኚም ነበር» አሉኝ።

ከሁሉ የሚያስመርረው አንዳንዴ ልክ መሆናቸው ነው። አንድ ጊዜ የውኃ መሳቢያዬ ቆሞ ሁለት ባለሙያ አይተውት «አዲስ ግዢ» ብለውኝ ሄደዋል። ጋሽ ክንዱ መጡ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት፣ አንድ ብሎን ፈትተው ከውስጡ የላስቲክ ቁራጭ አወጡ። ይኸው ዛሬም ይሠራል። አንድ ጊዜ ልክ የሆነን ሰው ደግሞ ሃያ ጊዜ ቢሳሳት የሚያስቆመው የለም።

እስካሁን ያወራሁት የሚያስቅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ አያስቅም።

ልጄ ዜማ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤታችን እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እኔ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ እውላለሁ፣ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚቀበላት ሰው የለም። ቡችላ ስትለምነኝ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ባለፈው ጥቅምት ዱርቤቴ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ስመለስ፣ በካርቶን ውስጥ አንድ የጡጫ ያህል ቡችላ ይዤ መጣሁ። መልኩ ቁርጥ ሽሮ። ስሙም ከዚያ ወጣ።

ዜማ ያን ሰሞን የሆነችውን ላሳያችሁ ብል አልችልም። ከትምህርት ቤት ሮጣ ትመጣለች። ቀድሞ የምትነግረኝን ወሬ ሁሉ አሁን ለሽሮ ትነግረዋለች፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ስለ ልጄ ውሎ ከዚያን ጊዜ የበለጠ ያወቅሁበት ዘመን የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ የጆሮው ጫፍ፣ ከዚያ ክርኑ፣ ከዚያ ሆዱ ተመለጠ። ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። እየበላ ትቶ ያክካል፣ ተኝቶ ተነሥቶ ያክካል። ዜማ ስልኳን ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ እከክ ነው። ቆዳው ውስጥ ተባይ አለ ይላል። እንስሳት ሐኪም ዘንድ እንውሰደው።»

«ቅዳሜ» አልኋት። የምዝገባ ሳምንት ነበር፤ ተማሪው በመስኮታችን ተሰልፎ እስከ ግቢው በር ደርሷል።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ክንዱ ቀደሙን።

ያን ዕለት በተራዬ ከሰዓቱን አርፌ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የአጥሩን በር ገፋ አድርገው ገቡ። በአንድ እጃቸው ቢጫ ጀሪካን፣ በሌላው ቁራጭ ጨርቅ ይዘዋል። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ላይ በላብ ተጣብቋል። ሽሮን ከሩቅ አንድ ጊዜ አዩት።

«ይህማ ቀላል ነው» አሉ።

«ጋሽ ክንዱ፣ ቅዳሜ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነበር።»

«ለእከክ ሐኪም? አንቺ ወለላ፣ ሐኪሙ ከመጽሐፍ ነው ያወቀው። ይህ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ከመኪና የወጣ። ንጹሑ አይሠራም፤ የተቃጠለው ነው ተባዩን አፍኖ የሚገድለው። ድልድዩን ተሻግሬ ከጋራዥ ነው ያመጣሁልሽ፤ በእግሬ።»

ዜማ ከቤት ወጥታ ሽሮን ብድግ አድርጋ አቀፈችው።

«ዘይት አይቀባም ይላል፣ ጋሽ ክንዱ። አንብቤያለሁ። ይልሰውና ይመርዘዋል።»

ጋሽ ክንዱ አልተቆጡም፤ ሳቅ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነኝ መልስ የምሰጥ። የስልኩን ጽሑፍ ልጄ አሳይታኛለች፤ አይቼዋለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው የሆኑ ሰው በዚያ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክመው ድልድይ ተሻግረው መጥተዋል፣ ለእኔ ውሻ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንገትን አይደለም የሚይዘው፤ ምላስን ነው።

«ዜማ» አልሁ፣ «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ።»

ልጄ አየችኝ። ቡችላውን መሬት አስቀመጠችው፣ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋችው። በኃይል አልዘጋችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

«ያዥው» አሉኝ ጋሽ ክንዱ። ያዝሁት።

ሲቀቡት ላየ ሰው እጃቸው የሐኪም እጅ ነው። የጆሮውን ጫፍ በጣታቸው፣ በጣቶቹ መሀል በጨርቁ ጥግ፣ «አይዞህ ጀግናው፣ አይዞህ» እያሉ አዳረሱት። ሽሮ መጀመሪያ እጃቸውን ላሰ። ዘይቱ የተሰነጠቀው ቆዳው ውስጥ ሲገባ ግን ጮኸ፤ በሁለት እጄ መሀል ተንፈራገጠ። ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት። ሲጨርሱ ጥቁር ሆኖ ዓይኑ ብቻ ይታይ ነበር።

«በሦስት ቀን ታመሰግኑኛላችሁ» ብለው ጀሪካኑን አንሥተው ሄዱ።

ዓርብ ሽሮ አልበላም። ሲልስ ዋለ፤ ቢሮ ስለነበርሁ የሚከለክለው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ጥቁር አስታወከ። ቅዳሜ ጠዋት እግሮቹ አልያዝ አሉት፤ ሊነሣ ሞክሮ በአገጩ ወደቀ። ይንቀጠቀጣል።

ያን ቀን ከተማው ውስጥ ባጃጅ አልነበረም። ዜማ በፎጣ ጠቅልላ አቀፈችውና በእግራችን ወጣን። ድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሰው ሽታው ሲደርሰው አፍንጫውን ይይዛል። «ልስጥሽ፣ ላግዝሽ» አልኋት፤ አልሰጠችኝም። ከታች ዓባይ ሞልቶ ይሄዳል፤ ከላይ እኔና ልጄ ሁለት እርምጃ ተራርቀን እንሄዳለን። መሀል ስንደርስ አንድ ቃል ተናገረች፤ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር።

«አንቺ ነሽ የያዝሽው።»



እንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘናት ዶክተር ሰሚሐ የምትባል የወረታ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ንግግሯ ቁጥብ። ፎጣውን ስትገልጠው ፊቷ ተለወጠ።

«ማን ነው የቀባው?»

«ጎረቤት» አልሁ። ዜማ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔም ይዤለታለሁ» ብዬ ጨመርሁ።

ሰሚሐ ጓንት አጠለቀች። የሽሮን ድድ ገልጣ አየች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ከክርኑ ላይ ቆዳውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጋ በማይክሮስኮፕ ተመለከተች። ከዚያ ዜማን ጠርታ አሳየቻት። «አየሻት? ስምንት እግር ያላት። ይህች ናት እከኩን የምታመጣ። ወደ ሰውም ትሻገራለች፤ እጃችሁን ያሳክካችሁ እንደሆነ አትደንግጡ።»

«ይሞታል?» አለች ዜማ።

«በእከኩ አይሞትም ነበር። መርፌም መታጠቢያም አለው፤ በሁለት ወር ይድናል።» ወደ እኔ ዞረች። «አሁን የሚያስፈራኝ የላሰው ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ከገባ ደግሞ…» ዜማን አየቻትና ሳትጨርሰው ተወችው። «ስንት ወሩ ነው?»

«ሦስት አልሞላውም።»

«ትንሽ ነው። የእከኩን መርፌ አሁን አልወጋውም፤ አይችለውም። መጀመሪያ ከዘይቱ እናድነው።»

ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጠብነው። አንድ ጊዜ አጥበን፣ ደግመን፣ ሠልሰን። ውኃው ጥቁር ሆኖ ይወርዳል። በመጨረሻ ከሥሩ ሲወጣ ሽሮ አይጥ አክሎ ነበር፤ ቀይ ቆዳ በአጥንት ላይ። ግሉኮስ ተሰካለት። እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚታሰር ስለጠፋ፣ ሰሚሐ የላስቲክ ሳህን ቂጡን ቆርጣ እንደ አንገትጌ አጠለቀችለት። «ሦስት ቀን ካለፈ ይተርፋል» አለችን። ሌላ ተስፋ አልሰጠችንም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ክንዱ በራችን ላይ ቆሙ። እንደ ወትሯቸው አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«እንዴት አደረ?» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ የሰማሁት የመድኃኒታቸውን ውጤት ሊያዩ የመጡ ሰው ነው። ሊመሰገኑ የመጡ ነው የመሰለኝ። በስምንት ዓመት ጉርብትና ውጬው ያስቀመጥሁት ሁሉ፣ የማንጎው ሚስማር ሳይቀር፣ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ።

«ጋሽ ክንዱ» አልሁ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ግቢዬን እንዳይረግጡ። ሊገድሉት ነበር። ምናልባትም ገድለውታል። እርስዎ ሐኪም አይደሉም። የጀልባ ሞተር ነው የሚያውቁት፤ እሱንም ድሮ።»

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ያ ይመስለኛል የከፋው። ጋሽ ክንዱ እጃቸውን አዩ። ጥፍራቸው ሥር ያ ጥቁር ዘይት እንዳለ ነበር።

«እሺ ልጄ» አሉና ሄዱ።

አንድ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ደስታው ከአንድ ሰዓት አላለፈም፤ ለምን እንዳላለፈ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሽሮ ሦስቱን ቀን አለፈ። በአራተኛው በሲሪንጅ የሰጠነውን ወተት ዋጠ። በሳምንቱ ቆመ። በሁለተኛው ሳምንት ሰሚሐ መዝና የመጀመሪያዋን መርፌ ወጋችው፤ ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ። መኝታውን እየቀቀልን፣ ጓንት አድርገን በመድኃኒት እያጠብነው ጥርን አገባደድን። እኔና ዜማም ክንዳችንን ስናክክ ከረምን። ዜማ በእነዚያ ቀናት የምታናግረኝ ስለ ሽሮ ብቻ ነበር፤ «ውኃው ሞቋል»፣ «ሰዓቱ ደርሷል»። አንድ ቀን ጆሮው ላይ እንደ ዱቄት ብን ያለ ፀጉር አይታ «እማዬ፣ ነይ እይ» አለችኝ። እየሮጥሁ ሄድሁ። ይቅር ብላኛለች መሰለኝ፤ አልጠየቅኋትም።

ሽሮ ዳነ። ከጀርባው ላይ መዳፍ የምታክል መላጣ ቀርታበታለች፤ እሷ አትበቅልም ተብለናል።

የካቲት ላይ መስዑድ ሱቅ ስገባ የፍሪጁ ገመድ ከተነቀለ ቆይቶ አቧራ ለብሷል።

«ጋሽ ክንዱ አያልፉም?» አልሁት።

«ያልፋሉ» አለ መስዑድ። «ቆም አይሉም እንጂ። ባለፈው ሚዛኔ ተበላሽቶ ራሴ ጠርቼ አሳየኋቸው። ‹ባለሙያ ጥራ› አሉኝ። ያመማቸው ነገር አለ?»

ሳሙናዬን ይዤ ስወጣ ባለቤታቸውን እትዬ ባንቺአየሁን በር ላይ አገኘኋቸው። ከእኔ ጋር አልተኳረፉም፤ እሳቸው ከማንም ጋር ተኳርፈው አያውቁም። ሰላም ተባባልን። ከዚያ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ‹አንተ ሰው፣ ዝም በል› ስለው ኖርሁ» አሉ። «አሁን ዝም አለልኝ። ዝምታውን አልቻልሁትም ወለላ። ሰው መድኃኒት ሊጠይቀው ይመጣል፤ ‹ሐኪም አለላችሁ› ብሎ ይመልሰዋል። እከኩ ተጋብቶበት እንኳ ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ አውጥቶ ተሰለፈ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። የሰጡትንም እንደ ሕፃን አንድም ሳያጎድል ተቀባ።»

«እኔ ክፉ ተናግሬያቸው ነበር» አልሁ።

«የተናገርሽውን ነግሮኛል። አልተቀየመሽም። ቅዳሜ ዕለት ልጅሽ ቡችላውን ታቅፋ ስትወጣ አይቷችሁ ነበር እኮ። ከኋላ ከኋላችሁ ድልድዩ ድረስ ተከተላችሁ። ምን ብሎ ይጥራችሁ? ቆሞ ቆሞ ተመለሰ። እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ነው እናንተ ቤት የሄደ።»

ዘንቢላቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔ የያዝሁትን ሳሙና እያገላበጥሁ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ይቅርታ ሊጠይቅ በር ላይ የቆመን ሽማግሌ በሙያው ሰድቤ መመለሴ፣ ያውም በልኩ መርጬ፣ የሚያምበትን ቦታ አውቄ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በማግሥቱ ፈቃድ ወሰድሁ። ምን ብዬ እንደምገባ ሳስብ ቆይቼ ወገቤን ለመታመም ወሰንሁ።

ጋሽ ክንዱ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ላይ ምንም የለም፤ ብሎን የለም፣ ሽቦ የለም፣ የሚላጥ ዝንጅብል የለም። እጃቸውን ባዶውን አይቼው አላውቅም ነበር።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ክንዱ። ወገቤን አሞኝ ነበር፤ ምን ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪም ቤት ሂጂ ልጄ» አሉ። «እኔ ምን አውቃለሁ።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ስምንት ዓመት ተመኝቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ተመኝቷል፤ መስዑድ ቢሰማ በግ ያርድ ነበር። ሰማሁት፤ እንደ ኮሶ መራራ ነበር።

ሽሮ ለካ ተከትሎኝ ኖሯል። በሩን አልፎ ገባ፣ ጋሽ ክንዱን አየ፣ ጆሮውን አጣጥፎ ከቀሚሴ ኋላ ገባ። እየተንቀጠቀጠ እግሬ ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ክንዱ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ዝቅ ብለው ዘረጉለት። አልመጣም። እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልክ ነው» አሉ። «እንስሳ አይረሳም።»

«የእኔን ረስቶታል እኮ» አልሁ። «የያዝሁት እኔ ነኝ። ልጄ ስትከለክለን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። እርስዎ ይድናል ብለው ነው፤ እኔ ጠርጥሬ ነው የያዝሁት።»

«ጠርጥረሽ ለምን ያዝሽው ታዲያ?»

«እምቢ ማለት አፍሬ።»

 ከቤት ውስጥ እትዬ ባንቺአየሁ ዕቃ ሲያስቀምጡ ይሰማል፤ ቀስ ብለው ነው የሚያስቀምጡት።

«መሀል ሐይቅ ላይ ሞተር ሲቆም» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰው ሁሉ ዓይኑን ባንቺ ላይ ይተክላል። ሴት አለ፣ ሕፃን አለ፣ ነፋስ ተነሥቷል። ያን ጊዜ ‹አላውቅም› ያልሽ እንደሆነ ሰዉ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፣ ጀልባው ይገለበጣል። ስለዚህ ባታውቂውም ‹ይህማ ቀላል ነው› ትያለሽ። ሰዉ ቁጭ ይላል። ከዚያ ትፈልጊዋለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስል ኖሬ መሬት ላይ ስወጣ መተዉ ጠፋኝ።» ሽሮን አዩት። «መሬት ላይ ‹አላውቅም› ቢሉ የሚሰጥም ሰው የለም። ይህን የነገረኝ የለም።»

 ልንነግራቸው የሚገባን እኛ ነበርን፤ እኛ ግን ፍሪጁን ስንሰካላቸው ነው የኖርን።

ልሄድ ስል «ቆይ» አሉኝ። ወንበር ሳብ አድርገው በዓይናቸው ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥሁ። ሽሮ ከወንበሩ ሥር ገባ።

«ወገብሽን የቱ ጋ ነው?»

ጋሽ ክንዱ ስለ በሽታ ሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ግራ ገባኝ፤ ወገቤን ፈጽሞ አላመመኝምና።

«ታች፣ ወደ ግራ» አልሁ፣ በጣቴም አሳየኋቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«ከባድ ነገር አንሥተሻል?»

«ባልዲ። ሁለት ባልዲ።»

«ስትቀመጪ ነው ስትነሺ የሚብስሽ?»

አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መሳቢያዬን ያዳመጡ ጊዜ እንዳደረጉት ያዳምጡኛል። አይቸኩሉም። እስከ ቀትር ቢጠይቁኝ እስከ ቀትር እዋሻቸዋለሁ።

«ስነሣ ነው ጋሽ ክንዱ» አልሁ። «ስነሣ በጣም ያመኛል።»